ኦርኬስትራና የገበያው ሕዝብ

በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ ዜማ የሌለው ሥራ እምብዛም አይገኝም። ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ ሲያርስ፥ እረኛው ከብቱን አሰማርቶ ዋሽንቱን ሲነፋ፥ ሴቲቱ በወፍጮ ላይ ጐንበስ ብላ ስትፈጭ፥ ካህኑም በቅኔ ማሕሌት መቋሚያውን ይዞ ሌሊቱን ቆሞ ሲያድር፥ እያንዳንዱ ለግብሩ የሚስማማ ዜማ አለው። ከተማ በሰፋና የሥራው ዓይነት በበዛ ጊዜ ግን ዜማ ከሥራ እየተለየ ራሱን የቻለ ሞያ ይሆናል፤ ባለሞያዎቹም ተሰብስበው በአንድ መሪ ሥር በተቀመጡ ጊዜ በአውሮፓ ቋንቋ ኦርኬስትራ የተባለው ማኅበር ይቋቋማል። እንዲህ ያለው ማኅበር ለማን ሊጫወት ይገባዋል የሚለው ጥያቄ በአዲስ አበባ ከመቶ ዓመት በላይ ሲንከባለል የመጣ ነው። ጥያቄውንም ቀርቦ ለመመርመር የሚወድ ሰው ወደ ቴአትር አዳራሽ ከመሄዱ አስቀድሞ ወደ በርበሬ በረንዳ ቢወርድ ይሻለዋል።

በርበሬ በረንዳ በአዲስ ከተማ፥ በመርካቶ ውስጥ ካሉት ተራዎች አንዱ ነው። ከማረቆ፥ ከሐላባ፥ ከጎጃምም የሚመጣው ዛላ በርበሬ በጆንያ ተጭኖ ከዚህ ይራገፋል፤ ሴቶች ነጠላቸውን በአፍንጫቸው ላይ አሥረው እየቀነጠሱ መልካሙን ከነጩ ይለያሉ፤ ተሸካሚው በጀርባው ጆንያ አዝሎ መንገድ ልቀቁ እያለ ይሮጣል፤ ያልለመደው መንገደኛም እያስነጠሰ ያልፋል። ገበያው ከዚህ ስፍራ የመጣው በጠላት ወረራ ዘመን፥ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ኢጣልያኖች የአገሬውን ገበያ ከአራዳ፥ ከቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ አንሥተው ወደ ምዕራብ ባዛወሩት ጊዜ ነው። ስሙም ከዚያ ወዲህ መርካቶ ተብሎ ቀረ። በአጠገቡ የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ ተቀራርበው ይታያሉ። ከየአገሩ የመጣ፥ ቋንቋውም ሃይማኖቱም ልዩ ልዩ የሆነ ሕዝብ በአንድ ሚዛን ፊት ቆሞ የሚገበያይበት እንደዚህ ያለ ሰፈር በከተማው ውስጥ ጥቂት ነው።

ይህም ሰፈር ያለ ዜማ የኖረ አይደለም። በክብረ በዓል ሌሊት የማሕሌቱ ከበሮ ከራጉኤል ይሰማል፤ በመውሊድ ሰሞን መንዙማው ከሌላው ወገን ይነሣል። ላሊበሎች ጐሕ ሳይቀድ ከየደጁ ቆመው የባለቤቱን ስም እየጠሩ የሚያዜሙትን ዜማ የአዲስ ከተማ ሽማግሌዎች ያውቁታል። ማሲንቆውን በብብቱ ይዞ ከጎንደርና ከወሎ የመጣ አዝማሪም መጀመሪያ የሚያርፈው በገበያ አጠገብ ባለ ጠጅ ቤት ነበረ። ኋላም የቴፕ ክር በመጣ ጊዜ የዘፋኞች ድምፅ ከየሱቁ በድምፅ ማጉያ እየወጣ ጎዳናውን ይሞላው ጀመር። እንግዲህ ለገበያው ሕዝብ የጎደለው ዜማ ሳይሆን፥ ብዙ መሣሪያዎች ተስማምተው በሥርዓት ሲጫወቱ በዓይኑ እያየ በጆሮው እየሰማ የሚቀመጥበት ጊዜና ቦታ ነው።

የዚህ ጉድለት ምክንያት ከታሪኩ ይገኛል። በአውሮፓ ሥርዓት የተደራጀ የሙዚቃ ጓድ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በቤተ መንግሥት በኩል ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ኒኮላ 2ኛ ለዐፄ ምኒልክ የናስ መለከቶችን ገጸ በረከት አድርገው ላኩ። ከዚያ በኋላ ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ፥ በአርመን ፓትርያርክ ገዳም ተጠግተው ይኖሩ የነበሩትን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የሙዚቃ ጓድ እንዲሆኑ ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ እነዚህም «አርባ ልጆች» ተብለው እስከ ዛሬ ይጠራሉ። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የደረሱት የመዝሙር ዜማ የብላታ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥም ተጨምሮበት የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ሆነ፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተፈጸመው የንግሥ በዓል ላይም ተሰማ። የክቡር ዘበኛው፥ የጦር ሠራዊቱና የፖሊሱ የሙዚቃ ክፍሎች ሁሉ በዚህ መንገድ ተከታትለው የመጡ ናቸው። በአጭሩ ለማለት የመጀመሪያው ኦርኬስትራ አገልግሎቱ ለሰልፍ፥ ለእንግዳ መቀበያና ለግብር ነበረ፤ ሕዝቡም የሚሰማው ሰልፉ በፊቱ ሲያልፍ ብቻ ነው።

ለሕዝብ ተብሎ በተሠራ ቤት ውስጥ መጫወት የተጀመረው በኋላ ነው። በ1927 ዓ.ም. ጠላት በድንበር ላይ ሲያንዣብብ፥ በመኰንን ሀብተ ወልድ አሳቢነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ የሕዝቡንም ልብ በንግግርና በዘፈን ያነሣሣ ነበር። ከነጻነት በኋላ ማኅበሩ ታድሶ የቴአትርና የዘፈን ቤት ሆነ። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ የ25 ዓመት ኢዮቤልዩ ምክንያት፥ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። ለኦርኬስትራውም ፍራንዝ ዜልቬከር የተባለው የኦስትርያ ሰው ተሾመለት፤ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በብዙ ትጋት አገለገለ። ሥራው ታላቅ ነው። ይሁን እንጂ ከፍ ባለ ደረጃና በወፍራም መጋረጃ ወደ ተጌጠው አዳራሽ ለመግባት በርበሬ ስትቀነጥስ የዋለች ሴት የምትደፍር አልነበረችም፤ የከለከላት ሕግ ሳይኖር ልብሷና ድካሟ ይከለክሏት ነበር።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ ሊታሰብ ይገባዋል። ኦርኬስትራ የፈረንጅ ነገር ነውና ለገበያ ሕዝብ ባዕድ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ቅኔ ማሕሌትን በደንብ ያላስተዋሉ ይመስላሉ። ከቅዱስ ያሬድ ጀምሮ በመጣው ሥርዓት ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ሁለት ወገን ሆነው ይቆማሉ፤ ግራ ጌታና ቀኝ ጌታ ወገናቸውን ይይዛሉ፤ መሪ ጌታው ይመራል፤ ዜማው በቁም ተጀምሮ በዝማሜ፥ በመረግድና በጽፋት እያደገ ይሄዳል፤ መቋሚያው፥ ጸናጽሉና ከበሮው እያንዳንዱ የሚገባበት ጊዜ አለው፤ አንዱ ያለ ጊዜው ቢገባ ሁሉም ይደናገራል። የቪየና ሰው ይህን ቢያይ የኦርኬስትራ ሥርዓት መሆኑን ወዲያው ይረዳው ነበር።

እንቢልታም ሌላው ምስክር ነው። እንቢልታ የጣት ቀዳዳ የሌለው ረጅም ዋሽንት ስለሆነ አንዱ ነፊ ብቻውን ሊያወጣ የሚችለው ድምፅ አንድ ወይም ሁለት ነው። ስለዚህ ሦስት ነፊዎች የተለያየ ርዝመት ያላቸውን እንቢልታዎች ይዘው ይቆሙና አንዱ ሲያቆም ሁለተኛው፥ ሁለተኛው ሲያቆም ሦስተኛው እየተቀባበሉ አንድ ዜማ ይሠራሉ። ሙሉው ዜማ በማንኛቸውም እጅ የለም፤ በመካከላቸው ብቻ ነው ያለው። ባላባቶችና ነገሥታት በዚህ ታጅበው ሲሄዱ ሲኖሩ፥ ኅብረ ዜማ ለኢትዮጵያ አዲስ ነው ማለት አይቻልም።

ይሁን እንጂ ክራሩ፥ ማሲንቆው፥ ዋሽንቱና በገናው በአንድ መድረክ ተሰብስበው ለመጀመሪያ ጊዜ ኦርኬስትራ የተባሉት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ማለቂያ አካባቢ ነው። ሃሊም ኤልዳብ በካይሮ በ1921 እ.ኤ.አ. ተወልዶ በአሜሪካ የታወቀ የዜማ ደራሲ ነበረ፤ ለማርታ ግራሃም የዳንስ ጓድ «ክሊተምኔስትራ» የተባለውን ሥራ ዜማ የደረሰም እርሱ ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. ለማስተማር ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በመጣ ጊዜ፥ የአውሮፓን ሙዚቃ ለተማሪዎች ከማስተማር ይልቅ የአገሩን ባለሞያዎች ሰብስቦ ከእነርሱ መማርን መረጠ። በሚከተለውም ዓመት «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ» የተባለው ማኅበር በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበብ ማእከል ተቋቋመ። ይህ ሰው ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በሰላም ጓድ የመጣው አሜሪካዊው ጆን ኮ ማኅበሩን መራ፤ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ መሪነቱ ለኢትዮጵያዊው ለተስፋዬ ለማ ሆነ። ቻርልስ ሰተን የተባለው ሌላው የሰላም ጓድ ሰውም ማሲንቆን ከጌታመሳይ አበበ ተምሮ ከማኅበሩ ጋር እስከ መጫወት ደረሰ። ፈረንጅ ከአዝማሪ እግር ሥር ተቀምጦ ሲማር ማየት በዚያ ዘመን ለብዙ ሰው የሚያስደንቅ ነበር፤ ማሲንቆን የሚንቁትንም ጥቂት ሳያሳፍር አልቀረም።

የዚህ ማኅበር ሥራ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ነበረ የሚገባው መሣሪያዎቹን የሚያውቅ ሰው ነው። የኢትዮጵያ የዜማ ሰው እንደ ልማዱ ብቻውን የሚጫወት ነው፤ አዝማሪ ማሲንቆውን የሚያስተካክለው ከጉሮሮው ጋር ነው፤ ክራር መቺም እንዲሁ። ባለ አንድ ጭራው ማሲንቆ፥ አምስት ወይም ስድስት አውታር ያለው ክራር፥ አሥር አውታር ያለው በገና፥ አራት ቀዳዳ ያለው ዋሽንት፥ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ መንግሥት ነው። አሥሩ በአንድነት በተቀመጡ ጊዜ ግን ማን ለማን ይታዘዛል? ዋሽንት አንድ ጊዜ ተቈርጦ ከተበሳ ድምፁ አይለወጥም፤ ስለዚህ ዋሽንት ነፊ ልዩ ልዩ ርዝመት ያላቸውን ዋሽንቶች በአፎት ይዞ ይዞራል። ክራርና ማሲንቆ ግን ሊጠብቁም ሊላሉም ይችላሉ። እንግዲህ ባለ አውታሮቹ ሁሉ ለቀጪኑ ሸምበቆ መታዘዝ ግድ ይሆንባቸዋል። ቅኝቱም ጉዳይ አለው፤ ከትዝታ ወደ ባቲ፥ ከባቲ ወደ አምባሰል፥ ከአምባሰል ወደ አንቺ ሆዬ ለመሻገር ክራሩ እንደ ገና መቃኘት አለበት፤ እስኪቃኝ ድረስ ሌሎቹ ዝም ብለው መጠበቅ አለባቸው። ብዙዎቹ ባለሞያዎች በጆሮ የተማሩ እንጂ ኖታ የሚያነቡ ስላልነበሩ፥ ትምህርቱ ሁሉ በመስማትና በመደጋገም ነበር። በመጨረሻ የተገኘው ድምፅ አንዱ ሌላውን የማይውጥበት ነበረ፤ የበርበሬ በረንዳ ሴቶች ድልህ ሲያዘጋጁ ኮረሪማው፥ ነጭ ሽንኩርቱና አዝሙዱ እያንዳንዱ መዓዛውን ሳያጣ በርበሬውን እንደሚያግዘው ያለ ነው።

ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ በ1969 እ.ኤ.አ. «ብሉ ናይል» በሚል ስም አሜሪካን እየዞረ ተጫወተ፤ በኤድ ሰሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይም ታየ። ይህ ዝግጅት በዚያ ዘመን ከአሜሪካ ዳር እስከ ዳር የሚታይ ስለ ነበረ፥ የዋሽንትና የክራር ድምፅ በአንድ ምሽት ከብዙ ሚሊዮን ቤት ገባ ማለት ነው። ይህ ለኢትዮጵያ ክብር ነው። ነገር ግን የማኅበሩ ቤት የዩኒቨርሲቲው ግቢ ስለ ነበረ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል፤ ከስድስት ኪሎ እስከ በርበሬ በረንዳ በእግር አንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው፤ በኑሮ ሲለካ ግን ከዚያ እጅግ ይርቃል። ማሲንቆው ከጠጅ ቤት ወጥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ከዩኒቨርሲቲው ተነሥቶ ወደ ተነሣበት ሰፈር የሚመለስበት መንገድ ግን በሥርዓት አልተዘጋጀለትም። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላም ማኅበሩ ተበተነ። ተስፋዬ ለማ ኋላ ወደ አሜሪካ ሄዶ በዋሽንግተን አካባቢ የናይል ኢትዮጵያ የሙዚቃ ጓድን አቋቋመ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. በዚያው አገር ዐረፈ። የማኅበሩ የቀድሞ ሥራዎች በፈረንሳይ አገር በሚታተመው «ኢትዮፒክ» በተባለው ተከታታይ ኅትመት 23ኛ ቍጥር ሆነው በ2007 እ.ኤ.አ. ወጥተዋል። እንግዲህ ዛሬ የማኅበሩን ድምፅ ለመስማት የሚወድ ሰው ይህን ኅትመት ሊፈልግ ይችላል።

የገበያው ሕዝብ ኦርኬስትራን በሰፈሩ ያገኘበት አንድ ዘመን ግን ነበረ፤ እርሱም የደርግ ዘመን ነው። በየቀበሌውና በየከፍተኛው የኪነት ጓድ ይቋቋም ነበር፤ የሰፈር ልጆች ከበሮና ክራር፥ ጊታርና መለከት ይታደላቸው ነበር፤ በቀበሌው አዳራሽ ይለማመዳሉ፥ በበዓል ቀንም በጎረቤቶቻቸው ፊት ይጫወታሉ። ኋላ በስም የታወቁ ብዙ ዘፋኞች የወጡት ከነዚህ ጓዶች ነው። ከየክፍሉ የተመረጡት ደግሞ «ሕዝብ ለሕዝብ» ተብለው በ1980 ዓ.ም. በአውሮፓና በአሜሪካ ዞረው ተጫውተዋል። ስለዚህ መሣሪያና መምህር በሰፈር ቢገኝ የገበያ ልጅ ለመማር የሚሰንፍ አለመሆኑ በተግባር ታይቷል። የዚያ ዘመን ጉዳት ዜማው ሳይሆን ቃሉ ነበረ፤ ግጥሙ ሁሉ ለመንግሥቱ ፖለቲካ ተገዛ፤ አድማጩ በዜማው እየተደሰተ በቃሉ ይሰለች ጀመር። በዚያ ላይ ሰዓት እላፊ ሌሊቱን ዘጋው፤ በየሆቴሉና በየክበቡ ይጫወቱ የነበሩት ጓዶችም ቀስ በቀስ ተበተኑ። በስተኋላም ኪቦርድ የተባለው መሣሪያ መጥቶ አንድ ሰው በሁለት እጁ የአሥር ሰውን እንጀራ ያዘ። ሰርግ የሚደግስ ሰው ወጪው ስለ ቀነሰለት አይወቀስም፤ ነገር ግን አሥር ሰው ተደማምጦ የሚጫወትበት ሞያ በአንድ ትውልድ ውስጥ እንዴት እንደ ሳሳ ከዚህ ይታያል።

በገና የደረሰበት ደግሞ ለካህናት በተለይ የሚያሳዝን ነው። በገና የዳዊት መሣሪያ ተብሎ የሚከበር፥ በዐቢይ ጾም ወራት ሌላው ዘፈን ሁሉ ዝም ሲል ብቻውን የሚሰማ ነው። አውታሩ ከበግ አንጀት ይሠራል፤ እንዚራ የምትባል ትንሽ የጠፍር ቁራጭ ከአውታሩ በታች ስለምትገባ ድምፁ እንደ ንብ ያጕረመርማል። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለሙ አጋ በገናን ያስተምር ነበር፤ በለውጡ ጊዜ ግን በገና ከሬዲዮ ተገፋ፥ ትምህርቱም እስከ መቋረጥ ደረሰ። አንድ መሣሪያ ለአሥርና ለሃያ ዓመት ቢዘነጋ ምን ይሆናል ቢሉ፥ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚሞቱት ሽማግሌዎች ተማሪ ሳይተኩ ያልፋሉ፤ ሠሪውም ገዢ አጥቶ ወደ ሌላ እንጨት ሥራ ይዞራል። ዛሬ በገና እንደ ገና ተማሪ አግኝቷል፤ በሰንበት ትምህርት ቤቶችና በግል ማሠልጠኛዎች ወጣቶች ሲማሩት ይታያል። ይህን ያስገኘው የመሥሪያ ቤት ትእዛዝ ሳይሆን የምእመናን ፍላጎት ነው፤ የአዲስ ከተማ ሕዝብም ከዚህ ፍላጎት ድርሻው ቀላል አይደለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ የሚለው ወደ ባለሥልጣኖች የሚመለስ ነው። በመርካቶ አጠገብ አስቀድሞ ሲኒማ ራስ የተባለው፥ ኋላም ራስ ቴአትር የሆነው ቤት ለሰፈሩ መጠሪያ እስከ መሆን የደረሰው፥ የገበያው ሕዝብ የእኔ ነው ብሎ የተቀበለው ስለሆነ ነው። የቴአትርና የዘፈን ቤት በገበያ መካከል ሊኖር እንደሚችል ይህ ይመሰክራል። ነገር ግን አዳራሽ ብቻውን አይበቃም። የቴአትር ቤቶቹና የያሬድ ትምህርት ቤት የባህል መሣሪያ ጓዶቻቸውን በተራ እየላኩ፥ በወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ገበያው ጋብ በሚልበት ጊዜ፥ በርበሬው ከተነሣበት ከዚያው በረንዳ ላይ ቢያስጫውቱ፥ የሚያስፈልገው ጥቂት ወንበርና አንድ ድንኳን ነው። ባለ መሣሪያው ከመጫወቱ በፊት መሣሪያውን እያነሣ፥ ይህ እንዲህ ይባላል፥ እንዲህ ይሠራል፥ እንዲህ ይቃኛል ብሎ ለልጆች ቢያሳይ፥ ከዘፈኑ የማያንስ ጥቅም አለው። ዋሽንት ለሊስትሮ ልጅ እንኳ የማይገዛ ውድ ነገር አይደለም፤ ያጣው የሚያሳየው ሰው ነው።

በዚህ አሳብ ላይ ሦስት ዓይነት ተቃውሞ ይነሣል። ነጋዴው ሥራ ይታጐላል ይላል፤ በእሑድ ከሰዓት በኋላ የሚታጐል ሥራ ጥቂት ስለሆነ ይህ ብዙ መልስ አይሻም። ባለሥልጣኑ በጀት የለም ይላል፤ ደመወዝ እየተቀበለ በልምምድ አዳራሽ የሚውል ባለሞያ በወር አንድ ቀን ወደ መርካቶ ቢወርድ የሚጨምረው ወጪ የመኪና ብቻ ነው። ከሁሉ የሚከብደው የካህናቱ ነው። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ አጠገብ ዘፈን ማብዛት ሥርዓትን ያፈርሳል፥ አዝማሪም በሥጋዊ ቃል ወጣቱን ያስታል የሚሉ አሉ። ይህ ቃል በንቀት ሊታለፍ አይገባውም፤ በድምፅ ማጉያ ጎዳናውን የሚያናውጠው ሱቅ ጸሎትን እንደሚያውክ ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ሥርዓት ያለው ጨዋታ ሥርዓት ለሌለው ጩኸት መድኃኒት ነው። ሰዓቱ ከቅዳሴውና ከሶላቱ ጋር እንዳይጋጭ ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ጋር መመካከር ይቻላል፤ በጾም ወራት በገና ብቻ ቢሰማ፥ ካህናቱ ራሳቸው የመጀመሪያዎቹ አድማጮች በሆኑ ነበር። አዝማሪ የሚለው ስም ራሱ መዝሙር ከወጣበት ከግእዙ «ዘመረ» የወጣ መሆኑን ከሊቃውንቱ በላይ የሚያውቀው የለም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፥ እርሱም ሽልማት ነው። በልማድ አዝማሪን ያስደሰተው ሰው ብሩን በግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል፤ አዝማሪውም ስሙን ጠርቶ ያወድሰዋል። ለአንድ ሰው ይህ መልካም መተዳደሪያ ነው። በኦርኬስትራ ግን ችግር ያመጣል፤ ሽልማቱ ሁሉ በፊት ለቆመው ዘፋኝ ይሆንና ከበስተኋላ ሆኖ ዜማውን የያዘው ከበሮ መቺ ባዶ እጁን ይገባል፤ ደግሞም ለመሸለም ብሎ አንዱ ከሌላው በላይ መጮኽ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የተቃኘው ሁሉ ይፈርሳል። በገበያ ውስጥ ይህ ፈተና ይበረታል፤ የመርካቶ ነጋዴ እጁ ሰፊ ነውና። ስለዚህ ከመድረኩ በታች አንድ ሣጥን ይቀመጥ፥ የሚሸልም ሰው ከዚያ ይጨምር፥ በመጨረሻም ለሁሉ እኩል ይከፈል፤ ከተረፈውም ለሰፈሩ ልጆች ዋሽንትና ክራር ይገዛበት።

ለባለ መሣሪያዎቹ ጤና ደግሞ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የበርበሬ ብናኝ በዓይንና በጉሮሮ ላይ ምን እንደሚሠራ በዚያ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል፤ በማሲንቆው ጭራ ላይ ቢቀመጥ ደጋኑ ይንሸራተታል፤ ዋሽንት ነፊ ትንፋሹን በሳበ ቍጥር ያስለዋል። ስለዚህ ጨዋታው በሚሆንበት ዕለት ከጧቱ በረንዳው ተጠርጎ፥ ውሃ ተረጭቶበት፥ እስኪረጋ ድረስ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ሊቆይ ይገባል፤ የመጀመሪያው ረድፍም ለቀንጣሾቹ ሴቶች ይተው።